ሁለት ሚሊዮን ዶላርና አንዲት ድመት

የቦስተኑ የወንበዴ አለቃ ጄምስ በልጀር፣ በቅጽል ስሙ «ዋይቲ»፣ ሊያዝ መሆኑን ቀድሞ ሰምቶ ከከተማው የተሰወረው በ1994 ማብቂያ ላይ ነው። (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኋላ በ19 ሰዎች ግድያ የተከሰሰ ሰው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ከአሥሩ ዋና ተፈላጊዎቹ ተርታ አሰለፈው፤ ያለበትን ለሚጠቁምም ወሮታ ቆረጠ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ገንዘቡም አብሮ አደገ፤ በ2008 2 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በልጀርን ግን የበላው ጅብ አልጮኸም።

በ2011 ጁን ወር መርማሪዎቹ መላ ቀየሩ። ሰውየውን ትተው አብራው የተሰወረችውን ወዳጁን ካትሪን ግሬግን ማፈላለግ ያዙ። ቀን ቀን የቤት እመቤቶች በሚያዩአቸው የቴሌቪዥን ዝግጅቶች መካከል የሚገባ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ሠሩ። ማስታወቂያው ሴትዮዋ ጥርሷን ማስጠረግ እንደምታዘወትር፣ ከውበት ሳሎን እንደማትጠፋ፣ እንስሳት እንደምትወድ ይናገራል። በ14 ከተሞችና በአካባቢያቸው ተለቀቀ፤ የማስታወቂያው ወሬ ደግሞ በዜና ማሰራጫዎች በኩል አይስላንድ ድረስ ዘለቀ። እዚያ የነበረች አንዲት ሴት ዜናውን ስታይ በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ፣ ጎረቤቷ የነበሩት ሁለት አዛውንት ትዝ አሏት። የተግባቡት ሰፈር ውስጥ የተጣለች ድመት ሲመግቡ ነበር። ስልክ አነሣች። ጁን 22 ቀን የ81 ዓመቱ በልጀር ተያዘ፤ ከአፓርታማው ግድግዳ ውስጥ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብና 30 ያህል የጦር መሣሪያ ወጣ።

ወሮታው ተከፈለ። ከወራት በኋላ ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ የጠቋሚዋን ማንነት አጣርቶ ስሟን ሲያወጣ፣ የሴትዮዋን ሕይወት ለአደጋ አጋለጠ ተብሎ ወቀሳ ወረደበት። የነገሩ ምጸት ደግሞ በልጀር ራሱ ለረጅም ዓመታት በኤፍቢአይ መዝገብ ላይ በጠቋሚነት የሰፈረ ሰው መሆኑ ነው፤ ሊያዝ መሆኑን ያሾለከለትም የቢሮው የቀድሞ ባልደረባ ነበር።

ታዲያ በልጀርን ያስያዘው ገንዘቡ ነው? ይኸው 2 ሚሊዮን ዶላር ሦስት ዓመት ያህል ታውጆ ሲቀመጥ ያመጣው ነገር አልነበረም። ከእሱ በፊት የነበረው 1 ሚሊዮንም እንዲሁ። በ2011 የተለወጠው አዋጁን የሚሰማው ሰው ነው። የጎረቤቲቱ እውቀት የተደበቀ ምስጢር አልነበረም፤ የምትጠብቀው የዝምድና ቃል ኪዳን፣ የምትፈራው በቀልም አልነበረባትም። የቸገራት የምታውቃቸው ሰዎች ተፈላጊ መሆናቸውን አለማወቋ ብቻ ነበር። ለጥቆማ ገንዘብ መክፈል ወንጀል ለማውጣት ይረዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ መነሻው ይህ ነው፦ መረጃው ያለው በማን እጅ ነው? ያንን ሰው ዝም ያሰኘውስ ምንድን ነው? የገንዘቡ መጠን ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተደራጀ የጥቆማ መስመር የተጠነሰሰው በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ ከተማ ነው። በ1976 ጁላይ አንድ ተማሪ በሚሠራበት ነዳጅ ማደያ በጥይት ተገደለ። ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። ምርመራው አንድም ፍንጭ ሳያገኝ ሳምንታት ሲያልፉ መርማሪው ግሬግ ማክአሊስ ግድያውን እንደ ድራማ አስቀርጾ በከተማው ቴሌቪዥን ጣቢያ እንዲታይ አደረገ፤ ለሚጠቁምም ገንዘብ እንደሚሰጥና ስሙን እንደማይጠይቅ አስታወቀ። በሦስት ቀን ውስጥ ስልክ ተደወለ፤ ደዋዩ ስለ አንድ መኪና የተናገረው ነገር ወደ ሁለት ተጠርጣሪዎች አደረሰ። «ክራይም ስቶፐርስ» የሚባለው ድርጅት እንዲህ ተወለደ። ደዋዩ ስም አይጠየቅም፤ ቁጥር ይሰጠዋል። ጥቆማው ፍሬ ካፈራ በዚያው ቁጥር መጥቶ ገንዘቡን ይወስዳል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1997 በሰጠው ፍርድ፣ እንዲህ ያለውን ጠቋሚ ማንነት ሊያጋልጥ የሚችል መረጃ ለተከሳሽ እንዲሰጥ ፖሊስ እንደማይገደድ ደነገገ።

በአልበከርኪው ፈጠራ ውስጥ ሦስት ነገሮች አብረው ተጠምደዋል፦ ማስታወቂያ፣ የስም ሽፋን እና ገንዘብ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሦስተኛው ነው። የተደረጉት ጥናቶች ግን ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ያደላሉ።

በ1980ዎቹ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፌዴራሉ መንግሥት ድጋፍ ይህን አሠራር በመላ አሜሪካ ፈትሸውት ነበር። ለደዋዮች የሚከፈለውን መጠን እያቀያየሩ ባደረጉት ሙከራ፣ ብዙ የተከፈለው ሰው ጥቂት ከተከፈለው ይበልጥ ረክቶ ወይም ደግሞ ለመደወል ይበልጥ ተነሣሥቶ አላገኙትም። በ1988 በተጀመረውና ጆን ዋልሽ ባቀረበው የተፈላጊዎች የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ጥናት ያደረገው ቶማስ ማይልስ ደግሞ በ2005 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በዝግጅቱ የቀረበ ተሰዋሪ የመያዝ ዕድሉ በብዙ እጥፍ እንደሚያድግ አሳየ። በእንግሊዝ ማይክል አሽክሮፍት በ1988 ያቋቋመው ክራይምስቶፐርስ እስከ 1 ሺህ ፓውንድ ወሮታ ያስታውቃል፤ ይሁንና ከደዋዮቹ ገንዘቡን የሚጠይቁት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። አብዛኛው ሰው ተናግሮ ስልኩን ይዘጋል፤ ወደ መንገዱ ይሄዳል።

ታዲያ ገንዘቡ ጨርሶ ጥቅም የለውም ማለት ነው? አይደለም። ቢያንስ ዜና ይሆናል። «ፖሊስ መረጃ ጠየቀ» የሚል ወሬ ለአንድ ቀንም ጋዜጣ ላይ አይቆይ ይሆናል፤ «ፖሊስ 50 ሺህ ዶላር አዘጋጀ» የሚለው ግን ፎቶግራፉን ይዞ እንደገና ይወጣል። ወሮታ ለማስታወቂያ የሚከፈል ዋጋ ነው ቢባል ብዙ ከእውነቱ አይርቅም። ችግሩ ጥሪውን የሚሰማው የሚያውቅ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው።

በ2002 ኦክቶበር ወር በዋሽንግተን ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ይህንን አይረሱትም። ከየት እንደሚተኩስ ያልታወቀ አልሞ ተኳሽ በሦስት ሳምንት ውስጥ 10 ሰው ገደለ፣ ሦስት አቆሰለ። ከጥቃቱ አብዛኛው የደረሰው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው አካባቢዎችም ጭምር ነበር። ነዳጅ የሚቀዳ ሰው ከመኪናው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ይቀዳ ጀመር። ወሮታው 500 ሺህ ዶላር ሲደርስ ጥቆማው በአሥር ሺዎች ተቆጠረ፤ ከዚያ ውስጥ እጅግ ብዙው ስለ አንድ ነጭ ቫን ነበር። ነጭ ቫን የሚነዳ ቧንቧ ሠራተኛና ቀለም ቀቢ ሁሉ በየመንገዱ እየተጠቆመበት ተፈተሸ። ገዳዮቹ የሚንቀሳቀሱት ግን በሰማያዊ ሸቭሮሌት ካፕሪስ ነበር፤ ሰሌዳዋን ፖሊሶች በዚያው ሰሞን ከአንድ ጊዜ በላይ አይተው አሳልፈዋታል።

ቋጠሮው የተፈታው በሌላ በኩል ነው። ገዳዮቹ ራሳቸው ደውለው በአላባማ ሞንትጎመሪ ስለተፈጸመ ግድያ ተኩራሩ፤ እዚያ የተገኘ የጣት አሻራ የአንደኛቸውን ስም አወጣ። በዋሽንግተን ግዛት የሚኖር የዋናው ተኳሽ የቀድሞ የጦር ሠራዊት ጓደኛም ጥርጣሬውን ለኤፍቢአይ ነግሮ ነበር። የመኪናዋ ዓይነትና ሰሌዳ በሬዲዮ ከተነገረ በሰዓታት ውስጥ አንድ ሾፌር በሜሪላንድ አውራ ጎዳና ዳር ባለ ማረፊያ ቆማ አያት። ወሮታው ለእነዚህ ለሁለቱ ተከፈለ። ስለ ሰሌዳዋ ከመነገሩ በፊትና በኋላ የመጡት ጥቆማዎች ልዩነት ሊታሰብበት ይገባል፤ የሚፈለገው ነገር በግልጽ ሲታወቅ አንድ ስልክ በቃ፣ ሳይታወቅ ግን አሥር ሺዎቹም መርማሪውን ማባከን ብቻ ሆነ። ሁለቱ ገዳዮች ወደ ዋሽንግተን ከመድረሳቸው በፊት በአትላንታ የገደሉት ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ጉዳይም ከእነሱ ጋር የተያያዘው ከተያዙ በኋላ ነው።

አንዳንዱ መረጃ ደግሞ በምንም ያህል ገንዘብ አይወጣም። በ1990 ማርች 18 ሌሊት የፖሊስ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቦስተን በሚገኘው የኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም ገብተው ጥበቃዎቹን አስረው 13 የጥበብ ሥራዎች ይዘው ወጡ፤ ከእነዚህ ውስጥ የቬርሜርና የሬምብራንት ሥዕሎች ነበሩ። ሙዚየሙ የመደበው ወሮታ በ1997 5 ሚሊዮን፣ በ2017 ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በአንድ የግል ተቋም ከተመደቡት ሁሉ ትልቁ መሆኑ ይነገርለታል። አንዱም ሥዕል አልተመለሰም። የሚያውቀው ሰው ሞቶ ይሆናል፣ ወይም ከሌባው ጋር አብሮ የሚጠየቅበት ነገር ይኖረዋል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው 5ቱ ሚሊዮን 10 ሆነለት ማለት ያው ነው።

ጊዜ ግን ገንዘብ ያልከፈተውን በር የሚከፍትበት አጋጣሚ አለ። በ1988 ዲሴምበር በአውስትራሊያ ሲድኒ፣ ማንሊ አጠገብ ካለ ገደል ሥር፣ ስኮት ጆንሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ የሒሳብ ተማሪ ሞቶ ተገኘ። ራሱን ገደለ ተብሎ ተዘጋ። ወንድሙ ስቲቭ ይህን አልተቀበለም፤ ነገሩን ለሠላሳ ዓመት ያህል አንገቱን ሳይደፋ ተከታተለው። በ2017 የተደረገው ሦስተኛ የሞት ምክንያት ምርመራ ሟቹ በግብረ ሰዶማዊነቱ ምክንያት ጥቃት ደርሶበት እንደሞተ አረጋገጠ። በ2018 የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት 1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ወሮታ አስታወቀ፤ በ2020 ስቲቭ ከራሱ 1 ሚሊዮን ጨመረበት። በዚያው ዓመት ሜይ ወር አንድ ሰው ተያዘ፤ በ2023 ነፍስ በማጥፋት ጥፋተኛነቱን አምኖ የ9 ዓመት እስር ተፈረደበት። ስለ እሱ ለፖሊስ የተናገረችው የቀድሞ ሚስቱ ነበረች። ጠበቃው ለወሮታው ብላ ነው ሲል ሞገታት፤ እሷ ካደች። እውነቱ የትኛውም ይሁን፣ እንዲህ ባሉ አሮጌ ጉዳዮች ከገንዘቡ እኩል የሚሠራ ሌላ ነገር አለ። ትዳር ይፈርሳል፣ ጓደኝነት ይቆረጣል፣ ትናንት ለወንድሜ ብሎ አፉን የያዘ ሰው ዛሬ የሚይዝለት ወንድም የለውም። የአውስትራሊያ ፖሊሶች ለአሥርተ ዓመታት ለቆዩ ግድያዎች ሚሊዮን የሚመድቡት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ፍርሃት ግን በጊዜ አይቀልም። ለሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ ገንዘብ አቅርቧል የተባለው ባለጸጋ ፌሊሲየን ካቡጋ ኬንያ ውስጥ እንደተሸሸገ ሲታመን፣ አሜሪካ በ2002 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ወሮታ አስታወቀች፤ ፎቶግራፉ በናይሮቢ ጋዜጦች ወጣ። አንድ ኬንያዊ ወጣት ሊያስይዘው ተስማማ። በ2003 ጃንዋሪ፣ ወጥመዱ ሊዘጋ በታሰበበት ሰሞን፣ ወጣቱ ካረን በሚባለው ሰፈር ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በናይሮቢ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚለውን ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ምን እንዳሰበ መገመት አያዳግትም። ካቡጋ የተያዘው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ2020 ሜይ 16፣ ከፓሪስ አጠገብ በምትገኝ አስኒየር በምትባል ከተማ ነው፤ መርማሪዎቹ የልጆቹን ስልክ ተከትለው ደረሱበት።

አሜሪካ በ1984 ባወጣችው ሕግ የጀመረችው ይኸው የወሮታ ፕሮግራም ሌላም መልክ አለው። በ1993 የኒው ዮርኩን የዓለም ንግድ ማዕከል በቦምብ የመታው ራምዚ ዩሱፍ ፎቶግራፉ በክብሪት ፓኮ ላይ ታትሞ በፓኪስታን ተበትኖ ነበር፤ ወሮታው 2 ሚሊዮን ዶላር። በ1995 ፌብሩዋሪ ኢስላማባድ ውስጥ ያስያዘው ዩሱፍ ራሱ ለሥራው ሊመለምለው የሞከረ ተማሪ ነው። የሳዳም ሁሴን ሁለት ልጆች በ2003 ጁላይ ሞሱል ውስጥ ሲገደሉም ለጠቋሚው 30 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። አባትየው ግን በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሲያዝ 25 ሚሊዮኑ ለማንም አልተከፈለም፤ መደበቂያው የታወቀው ከተያዘ ሰው ምርመራ ነበር። በኦሳማ ቢን ላደን ላይ የተቆረጠው 25 ሚሊዮንም እንዲሁ ቀረ፤ አቦታባድ ድረስ የተደረሰው መልእክተኛውን በመከታተል ነው። የዩሱፍና የሳዳም ልጆች ጠቋሚዎች ከተፈላጊዎቹ ጋር በአካል የተገናኙ፣ ግን ለእነሱ የሚሞቱ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። የቢን ላደንን ቤት የሚያውቁት ጥቂቶች ግን ለእሱ የሚሞቱ ነበሩ።

ገንዘብ መርዳት አለመርዳቱ ብቻ አይደለም ጥያቄው። ወንጀል ሊፈበርክም ይችላል። የዚህ ትልቁ ምስክር የ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ናት። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1692 ባወጣው ሕግ፣ የጎዳና ቀማኛን ይዞ ላስፈረደበት ሰው 40 ፓውንድ ከነቀማኛው ፈረስና መሣሪያ ይሰጠው ነበር። ለቀን ሠራተኛ ያ የዓመታት ደመወዝ ነው። በ1720 ደግሞ በለንደንና በዙሪያዋ ለሚፈጸም ዝርፊያ 100 ፓውንድ ተጨመረበት። መደበኛ ፖሊስ በሌለበት ከተማ ሌባ መያዝ የግል ንግድ ሆነ። የንግዱ ንጉሥ ጆናታን ዋይልድ ነበር፦ በአንድ እጁ ሌቦቹን ያሰማራል፣ በሌላው የተሰረቀውን ዕቃ ለባለቤቱ በገንዘብ ይመልሳል፣ ያመፀበትን ሌባ ደግሞ አሳልፎ ሰጥቶ ወሮታ ይቀበላል። በ1725 እሱም ተሰቀለ።

ከዋይልድ የባሰው በ1754 ወጣ። ስቲቨን ማክዳንኤልና ግብረ አበሮቹ ችግር ያጎሳቆላቸውን ወጣቶች ይመርጡና ወደ ዝርፊያ ያስገቧቸዋል፤ «ተዘረፍኩ» ባዩ ከራሳቸው አንዱ ነው፤ «ያዝኩት» ባዩም ከራሳቸው አንዱ ነው፤ ምስክሩም እንዲሁ። ወጣቱ ይሰቀላል፣ እነሱ ወሮታውን ይካፈላሉ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ጆሹዋ ኪደን የተባለ ተሸካሚ ባልሠራው ዝርፊያ ተሰቅሏል። ጆሴፍ ኮክስ የተባለ የብላክሂዝ የጸጥታ ሹም ሴራውን ሲደርስበት የከተማው ሕዝብ ሰዎቹን ጠላቸው፤ በአደባባይ በእንጨት ታስረው እንዲታዩ ሲደረግ አንደኛው በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ያም ሆኖ የተወሰነው ወሮታ ከሕግ የተፋቀው ሌላ ተመሳሳይ ቅሌት ከተከተለ በኋላ፣ በ1818 ነው። ዛሬ በብዙ አገር ወሮታ ቋሚ ታሪፍ ያልሆነው፣ «እስከ» የሚል ቃል የሚጨመርበት፣ ከፋዩም ኮሚቴ የሆነው ከዚህ ታሪክ በተወረሰ ጥንቃቄ ሳይሆን አይቀርም።

የኢትዮጵያ የቀድሞ አሠራር ይህንን ጉዳይ ከተቃራኒው ጫፍ ይዞት ነበር። ነፍስ ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅ አድራጊው ካልታወቀ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ በአንዳንድ አካባቢ አፈርሳታ ይሉታል። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ በሽማግሌ ፊት የሚያውቀውን በመሐላ እንዲያወጣ ይጠየቃል። የእርሻና የመከር ሥራ እየተስተጓጎለ ስብሰባው ሊራዘም ይችላል። ለሚናገረው የሚሰጥ ብር የለም፤ ወንጀለኛው ካልወጣ ግን ጉዳቱን አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። ለንደን ለተናጋሪው ስትከፍል እዚህ ዝምታ ያስቀጣ ነበር። የሚገርመው ግን አውጫጭኝና የአልበከርኪው መስመር አንድ መላ ላይ መድረሳቸው ነው፦ ፊት ለፊት መናገር የፈራ ሰው ስሙ ሳይነሣ በምስጢር እንዲያቀብልና ነገሩ «በወፍ» እንዲወጣ የሚያደርግ ልማድ ነበረ። የአልበከርኪው መርማሪ ቁጥር ያለው የእነዚህን ወፍ መሆኑ ነው። የአውጫጭኝ ችግርም ግልጽ ነበር፤ ሰዎች ወደ ቤታቸው ለመመለስ ሲሉ ባይተዋሩን ወይም የተጠላውን ሰው ሊያወጡ ይችላሉ። መድኃኒት ጠጥቶ የሌባ ቤት ያሳያል በሚባለው ሌባሻይ ጊዜም ያልበደለ ሰው ይከሰስ ነበርና መንግሥት ኋላ ከለከለው።

ገንዘብ በእርግጥ የሚሠራበት አንድ መስክ አለ፤ የወረቀት ወንጀል። በአሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ በ1863፣ መንግሥትን የሚያጭበረብሩ ነጋዴዎችን ለሚያጋልጥ ሰው ከተመለሰው ገንዘብ ድርሻ የሚሰጥ ሕግ ወጣ፤ ዛሬም ይሠራል። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት ለሚያስከትል ጥቆማ ከ10 እስከ 30 በመቶ ይከፍላል። በ2023 ለአንድ ሰው 279 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰጥቷል። የስዊሱን ባንክ ዩቢኤስ ያጋለጠው የቀድሞ ሠራተኛው ብራድሊ በርከንፌልድ በ2012 ከታክስ መሥሪያ ቤቱ 104 ሚሊዮን ዶላር ሲቀበል፣ እሱ ራሱ በዚያው ነገር ተፈርዶበት ከእስር ከወጣ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። እዚህ ገንዘቡ የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። የሚያውቀው ሰው ውስጥ ያለ ሠራተኛ ነው፤ ከተናገረ እንጀራውን ያጣል፣ ሌላ ቦታም አይቀጠርም፤ ስለዚህ የሚያጣውን የሚተካ ነገር ይፈልጋል። ሐሰት ከተናገረ ደግሞ ሰነዱ ያጋልጠዋል። በነፍስ ግድያ ሁለቱም የሉም።

ኢትዮጵያም በዚህ መስክ ሕግ አላት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983፣ የተሰወረ ታክስን በሚረጋገጥ መረጃ ለሚጠቁም ሰው እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ወሮታ ይፈቅዳል። ክፍያው ግን ታክሱ ሲሰበሰብ ነው፤ ጠቋሚው የሌላውን ክርክርና ይግባኝ እየጠበቀ ይቆያል ማለት ነው።

የመጠበቁ ነገር በየትኛውም አገር የወሮታ ደካማ ጎን ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ፖሊስ ለእያንዳንዱ የነፍስ ግድያ እስከ 25 ሺህ ዶላር ያስታውቃል፤ መስፈርቱ ግን ገዳዩ ተይዞ እንዲፈረድበት ነው። ከጥቆማ እስከ ፍርድ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በ2013 የሎስ አንጀለስ የቀድሞ ፖሊስ ክሪስቶፈር ዶርነር ሰዎችን ገድሎ ሲሰወር 1 ሚሊዮን ዶላር ወሮታ ታወጀ፤ «ለማስያዝና ለማስፈረድ» ይላል ማስታወቂያው። ዶርነር ተከብቦ ሞተ፤ ሙት አይፈረድበትምና ገንዘቡን ከሰበሰቡት ድርጅቶች አንዳንዶቹ ቃላቸውን አጠፉ፣ ጠቋሚ ነን ባዮች ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ሦስት ጡረተኛ ዳኞች ተሰይመው የቀረውን ገንዘብ አከፋፈሉ፤ አብዛኛው ዶርነር አስሯቸው ለነበሩ ባልና ሚስት ደረሰ። ይህንን ጭቅጭቅ በቴሌቪዥን ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ከማንሣቱ በፊት ሁለቴ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ያወጣችው የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ሌላው ነገር ነው የሚያወራው፦ የጠቋሚውን ማንነት መሰወርና መቀየር፣ ከመኖሪያው አዛውሮ ማኖር፣ አካሉንና ንብረቱን መጠበቅ። እንዲህ ያለ ጥበቃ ከወሮታው ይልቅ ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ ሠራተኛ፣ ቤት፣ ለዓመታት የሚዘልቅ በጀት ያስፈልገዋል። ጋዜጣ ላይም አይወጣም። 5 ሚሊዮን ዶላር በናይሮቢ ጋዜጦች ባሳወጁት ባለሥልጣናት እጅ የጎደለው ይህኛው ነበር።